ቤቱ የባለቤቱ ነው፤ ከተማው ግን የማን ነው?

(በአሽቀሎን በተደረገ የወላጆችና የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

ባለፈው ስብሰባችን መጨረሻ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ተነሥተው ጊዜ ስላልበቃ ሳይመለሱ ቀርተዋል። አንደኛውን የጠየቀው የሠራዊት አገልግሎቱን በቅርቡ የጨረሰ ወጣት ነው። «በማሪናውና በባርኔዓ በኩል ትሪሳቸው ከዓመት እስከ ዓመት ተዘግቶ የሚቆይ ቤቶች አሉ። ባለቤቶቹ የሚኖሩት ውጭ አገር ነው፤ ለፋሲካና ለነሐሴ ወር ብቻ ይመጣሉ። እኛም አርኖና እንከፍላለን፣ ስለዚህ በዒርያው ጉዳይ ድምፅ ይሰጠን ይላሉ። ይገባቸዋል ወይ?» አለ። ሁለተኛውን የጠየቁት አንድ አባታችን ናቸው። «እኔ ጎንደር ላይ በላቤ ቤት ሠርቻለሁ። በየዓመቱ እየሄድኩ ሁለት ወር እቀመጥበታለሁ። በደጄ ያለው መንገድ በዝናብ ተቦርቡሮ መኪና አያስገባም። ቀበሌ ሄጄ ስናገር፣ አባባ፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት ይሉኛል። እኔን ማን ይስማኝ?» አሉ።

ያን ዕለት ልብ ብዬ ነበር። ወጣቱ ሲጠይቅ «አይገባቸውም!» ብሎ የጮኸው ሰው፣ አባታችን ሲጠይቁ ደግሞ «እውነት ነው፣ በደል ነው!» አለ። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬም እዚህ አለ። ሁለቱ ጥያቄዎች ግን አንድ ጥያቄ ናቸው። በአንድ ቦታ ቤት ያለው፣ ነገር ግን የማይኖርበት ሰው፣ በዚያ ቦታ አስተዳደር ምን ያህል ድምፅ ይኑረው? ለአሽቀሎን አንድ ሚዛን፣ ለጎንደር ሌላ ሚዛን ይዘን መሄድ አንችልም።

በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። በዚህ አገር የከተማ ምርጫ የሚካሄደው በ1965 በወጣው የአካባቢ አስተዳደር ምርጫ ሕግ ነው። በምርጫው ቀን 17 ዓመት የሞላው፣ በሕዝብ መዝገብ ላይ አድራሻው በከተማው ውስጥ የተጻፈ ነዋሪ ይመርጣል። ለክኔሴት 18 ዓመት ያስፈልጋል፤ ለከተማ ግን 17 ይበቃል። ለክኔሴት ዜግነት ያስፈልጋል፤ ለከተማ ግን ቋሚ ነዋሪነት ይበቃል። «ቤት አለህ ወይ? ማሽካንታህን ከፍለህ ጨርሰሃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። በአሚዳር ቤት የሚኖር፣ በኪራይ ቤት የሚኖር፣ ገና መርከዝ ቅሊታ ውስጥ ያለ ሰው፣ በባሕሩ ዳር ሦስት አፓርታማ ካለው ሰው ጋር እኩል ነው። እንዲያውም ባለሦስት አፓርታማው የሚኖረው ፓሪስ ከሆነና በመዝገቡ ላይ የአሽቀሎን ነዋሪ ካልሆነ፣ ምንም ድምፅ የለውም።

እነዚህ ባለቤቶች «እንከፍላለን» የሚሉት ነገር እውነት አለበት። ሆኖም አርኖናን በዚህ አገር የሚከፍለው ማን እንደሆነ ብዙ ሰው አያስተውልም። ሕጉ አርኖናን የሚጥለው በቤቱ ባለቤት ላይ ሳይሆን ቤቱን በያዘው ሰው ላይ ነው። ቤት ስትከራዩ ወደ ዒርያ ሄዳችሁ አርኖናውን በስማችሁ ያዞራችሁት ለዚህ ነው። ስለዚህ በሺምሾን ወይም በመግዳል ሰፈር ሁለት ክፍል የተከራየች እናት የከተማው ግብር ከፋይ ናት። ለአዲስ ዖሌ ቅናሽ አለ፤ ከገባ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ለ12 ወር እስከ 90 በመቶ ይቀነስለታል። ያ ሲያልቅ ግን ሙሉውን ይከፍላል። መክፈል ድምፅ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ተከራይዋ እናት ከማንም አታንስም ነበር።

ድምፅ ከንብረት ጋር የታሰረበት ዘመን ግን ነበረ፤ ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል። በዚህ አገር በእንግሊዞች ዘመን፣ በ1934 በወጣው የማዘጋጃ ቤቶች ሕግ፣ ለመምረጥ የተወሰነ ግብር መክፈል ያስፈልግ ነበር። መንግሥት ከተመሠረተ በኋላ፣ በ1950 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ነው ድሃውም ሀብታሙም፣ ወንዱም ሴቱም እኩል የሆኑት። በኢትዮጵያም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት የሚመርጠው የቤትና የቦታ ባለቤት የሆነው ሰው ነበር። ለፓርላማ ለመወዳደርም በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕጩው በምርጫ ክልሉ ንብረት እንዲኖረው ይጠይቅ ነበር። የከተማው አብዛኛው ሕዝብ ተከራይ ሆኖ ሳለ ስለ ከተማው የሚመክሩት አከራዮቹ ነበሩ ማለት ነው።

ደርግ መጣና ነገሩን ገለበጠው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ቀበሌ የሚባለውም ተቋቋመ። ትርፍ ቤት የተወረሰባቸው ሰዎች ደግሞ ለጊዜው እንዳይመርጡና እንዳይመረጡ ተከለከሉ። ትናንት ብቻውን ይናገር የነበረው ዛሬ አፉ ተዘጋ። ይህም ፍርድ አይደለም። ቀበሌ በኋላ ምን እንደሆነ፣ በስንቱ ቤት ላይ ምን እንዳደረሰ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ስለ እኛስ? የእኛ አባቶች በጎንደር፣ በወልቃይትና በስሜን ስንት ዘመን ሲያርሱ ርስት አልነበራቸውም። የሰው መሬት አርሰው፣ ከምርቱ ለባለርስቱ ሰጥተው፣ በቀረው ነው ያሳደጉን። ርስት የሌለው በአገር ሸንጎ ላይ ምን ያህል ይደመጥ እንደነበር ታውቃላችሁ። አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ የሠሩትን ዕቃ አገር ይፈልገዋል፤ ቃላቸውን ግን የሚፈልገው አልነበረም። መሬት በሕግ የተሰጠን ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው፤ ያም ቢሆን ስንት ጠብ አስነሥቶብናል። ስለዚህ «ንብረት ያለው ይናገር፣ የሌለው ዝም ይበል» የሚል ሕግ ተመልሶ ሲመጣ፣ ልብሱ ቢቀየርም ከማንም በፊት ለይተን ማወቅ ያለብን እኛ ነን።

በሌላው ዓለም ይህ ነገር አሁንም አለ። በአሜሪካ በኮኔቲከት ግዛት በከተማዪቱ 1,000 ዶላር የሚገመት ንብረት ያለው ዜጋ፣ ነዋሪ ባይሆንም፣ በከተማው ጉባኤ ላይ ድምፅ መስጠት ይችላል። በደላዌር ግዛት በባሕር ዳር ያሉ አንዳንድ የመዝናኛ ከተሞችም ለበጋ ብቻ ለሚመጡ ባለቤቶች ምርጫ ፈቅደዋል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በሁለት ቦታ ቤት ኖሮት በሁለቱም የሚቀመጥ ሰው በሁለቱም ቦታ ለአካባቢ ምርጫ ሊመዘገብ ይችላል። ታዲያ እዚያ ከተቻለ እዚህ ለምን አይቻልም የሚል ሰው ሊኖር ነው። በዚያው በደላዌር፣ ኒዋርክ በምትባል ከተማ፣ በ2018 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ የሆነውን ልንገራችሁ። ቤቶቹ በኩባንያ ስም ስለተመዘገቡ፣ አንድ የቤቶች አስተዳዳሪ በ31 ኩባንያዎች ስም 31 ጊዜ ድምፅ ሰጠ። ሕግ አልጣሰም፤ ሕጉ ፈቅዶለታል። ከተማዋ በኋላ ነው ሕጉን የለወጠችው። ድምፅ ከሰው ተነሥቶ በቤት ላይ ሲሰቀል ቤት የበዛለት ድምፁ ይበዛል።

የራሳችን ከተማም ከዚህ የራቀ ታሪክ የላትም። አፍሪዳር የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከደቡብ አፍሪካ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የደቡብ አፍሪካ አይሁዶች ባዋጡት ገንዘብ የተሠራ ሲሆን፣ የሚያስተዳድረውም የሠራው ኩባንያ ነበር። ቤቱ ያማረ፣ ዛፉ የተተከለ፣ መንገዱ የተስተካከለ ነበር። እዚያው አጠገብ በመግዳል ከየአገሩ የመጡ ዖሊም በጥበት ይኖሩ ነበር። ሁለቱ አንድ ከተማ የሆኑት በ1955 ነው። ገንዘብ የሰጡትን ሰዎች ማመስገን ይገባል፤ ብዙ ሠርተዋል። ሁለቱ ሰፈሮች አንድ ከተማ ሆነው፣ አንድ ምክር ቤት መርጠው መኖራቸው ግን የበለጠ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔ የውጭ ባለቤቶች የምርጫ ድምፅ ሊሰጣቸው አይገባም ባይ ነኝ። ምክንያቴ ቅናት አይደለም።

ጥቅምት 2023ን አስታውሱ። በዚያ ሳምንት አሽቀሎን ላይ የወረደውን ሁላችሁም በጆሯችሁ ሰምታችሁታል። ማማድ፣ ማለት በቤት ውስጥ ያለ የተጠናከረ ክፍል፣ በአዳዲስ ቤቶች ግዴታ የሆነው ከ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩት ሕንፃዎች፣ በአብዛኛው እኛ በምንኖርባቸው፣ ማማድ የለም። ሲሬናው ሲጮኽ አሮጊት እናቱን አቅፎ ደረጃ ላይ የተቀመጠ፣ ወደ ሕዝብ ሚክላት ሲሮጥ በሩን ተቆልፎ ያገኘ ሰው በመካከላችን አለ። የሚክላቱ ቁልፍ ማን ዘንድ ይቀመጥ? መብራቱ፣ ውኃው፣ ሽንት ቤቱ ማን ያድሰው? በጀቱ ለየትኛው ሰፈር ይቅደም? ይህን ሁሉ በመወሰን ረገድ ዒርያው ትልቅ ድርሻ አለው። የተዘጋው አፓርታማ ባለቤት በዚያ ሳምንት ሌላ አገር ነበረ። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ኑሮው እዚያ ስለሆነ ነው። ምናልባትም በቴሌቪዥን እያየ ያለቅስ ነበር። ነገር ግን የሚክላቱን ጉዳይ የሚወስነው ወደ ሚክላቱ የሚሮጠው ሰው መሆን አለበት።

ትምህርት ቤቱም እንዲሁ ነው። የልጆቻችን መዋዕለ ሕፃናት፣ ከሰዓት በኋላ የሚማሩበት ቦታ፣ ሁሉም ልጆቻችን በአንድ ክፍል እንዳይታጎሩ የምናደርገው ክርክር፣ የዒርያው ምክር ቤት ጉዳይ ነው። በነሐሴ ብቻ የሚመጣ ሰው የሚፈልገው ንጹሕ ባሕር ዳር፣ ጸጥ ያለ መንገድና ያማረ መብራት ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ እኛም እንወዳለን። ግን በጀት አንድ ነው። በነሐሴ የሚመጣውና በጥር ብርድ አውቶቡስ የሚጠብቀው እኩል ድምፅ ቢኖራቸው ገንዘቡ ወደ የት እንደሚሄድ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

በእድር ያለውን ሥርዓት አስቡ። የወር መዋጮውን ከፍሎ ቀብር ላይ ያልተገኘ ሰው ይቀጣል። «ገንዘቤን ከፍያለሁ» ቢል የሚሰማው የለም። ገንዘቡ ድንኳን ይገዛል፤ ሬሳ የሚሸከመው ግን ትከሻ ነው።

ይህን ስል ግን «እነዚህ ሰዎች ዝም ይበሉ» ማለቴ አይደለም። ድምፅ ሌላ፣ መደመጥ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ቤቱን የገዙት ለእርጅናቸው ነው፤ አንዳንዱ ልጁን አስቀድሞ ልኳል። ነገ ዓሊያ አድርጎ መጥቶ አድራሻውን እዚህ ቢያስመዘግብ፣ ወዲያውኑ እንደ እኔና እንደ እናንተ መራጭ ይሆናል። ለእኛ እንደተደረገልን ነው። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገብቶ፣ በ1993 በተደረገው የከተሞች ምርጫ ድምፁን ሰጥቷል፤ ዕብራይስጥ ገና ሳይገባው፣ አንዳንዱ ከካራቫን ሳይወጣ። ማንም «ቆይ፣ መጀመሪያ ቤት ግዛ» አላለንም።

እስከዚያ ድረስም መንገድ አላቸው። በ1965ቱ የፕላንና የግንባታ ሕግ፣ በባለቤትነትም ሆነ በሌላ ምክንያት በአንድ ፕላን እጎዳለሁ የሚል ሰው ተቃውሞውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል፤ በመደበኛው 60 ቀን አለው። «በሌላ ምክንያት» የሚለውን ልብ በሉ፤ ተከራይም ይችላል ማለት ነው። አርኖናው ተሳስቷል የሚል ማስታወቂያው ከደረሰው በ90 ቀን ውስጥ ይቃወማል። በሕንፃው ጉዳይ ደግሞ፣ ቫዓድ ባይት የሚመረጠው በአፓርታማ ባለቤቶች ጉባኤ ነው። እዚያ ውጭ አገር ያለው ባለቤት ድምፅ አለው፤ ወኪልም ሊልክ ይችላል። ይህ ተገቢ ነው፤ ጣሪያው፣ አሳንሰሩ፣ ቧንቧው የጋራ ንብረታቸው ነውና። በደረጃው ባለቤት፣ በከተማው ነዋሪ። እኔ ልዩነቱን የማየው እንዲህ ነው።

በአሜሪካ ናንተኬት የምትባል ደሴት አለች፤ በበጋ ሀብታሞች የሚጎርፉባት። እዚያ ነዋሪ ላልሆኑ ግብር ከፋዮች አማካሪ ኮሚቴ ተቋቁሞላቸዋል። አይመርጡም፤ ሐሳባቸውን ግን ያቀርባሉ። የእኛ ዒርያም በየነሐሴው አንድ ስብሰባ ጠርቶ በቋንቋቸው ቢያነጋግራቸው ምን ይጎዳል? እግረ መንገዱን በአማርኛም አንድ ስብሰባ ቢጠራ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለን ነበር።

ስለ ተዘጉት ቤቶች አንድ ነገር ልጨምር። ለኪራይ የማይወጣ ቤት ሲበዛ የሚከራየው ቤት ይወደዳል። በ2010ዎቹ ዓመታት መንግሥት በዓመት ቢያንስ ዘጠኝ ወር ሰው ባልኖረበት ቤት ላይ ከተሞች እጥፍ አርኖና እንዲጥሉ ፈቅዶ ነበር፤ ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ ተጠቅመውበታል። እነዚህን ቤቶች «የመናፍስት ቤቶች» ይሏቸዋል። እጥፍ የተጠየቀ ሰው «ቆሻሻ አላወጣሁ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አልላክሁ፣ ለምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ቢጠይቅም አልፈርድበትም። ጥያቄውም መልስ ይገባዋል። መልሱ በጽሑፍና በምክንያት ይሰጠው እንጂ በምርጫ ካርድ አይሁን።

አሁን አባታችን ወደ ጠየቁት ወደ ጎንደር ልመለስ። በኢትዮጵያ ሕግ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። ነገር ግን በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ልዩ መታወቂያ ተፈቅዷል፤ ቢጫ ካርድ የሚባለው። በዚህ ካርድ ያለ ቪዛ መግባት፣ መሥራት፣ ቤት በስም ማድረግ ይቻላል። መምረጥና መመረጥ ግን አይቻልም፤ አዋጁ በየትኛውም የመንግሥት እርከን ይላል። ዜጋ የሆነውም ሰው ቢሆን ለመምረጥ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር አለበት።

አባባ፣ መልሴ ቅር ያሰኝዎት ይሆናል። የቀበሌው ሰው ትክክል ነው የምለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምርጫው የእነሱ ነው። ክረምት ከበጋ በዚያ ጭቃ የሚመላለሱት፣ በክፉ ቀንም እዚያው የሚቀሩት እነሱ ናቸው። «እንግዳ ነዎት» ብሎ ማሰናበቱ ግን ነውር ነው። ቤት የሠራ ሰው እንግዳ አይባልም። አቤቱታዎን በጽሑፍ ያስገቡ፣ ማኅተም ያስመቱ፣ ቅጂውን ያስቀሩ። ከሁሉ በላይ ግን ብቻዎን አይሂዱ፤ ዓመቱን ሙሉ በዚያ መንገድ የሚመላለሱትን ጎረቤቶችዎን ይዘው ይሂዱ። ለመንገዱ የሚዋጣ ገንዘብ ካለ እኩል ያዋጡ፤ የት በኩል ይሠራ የሚለውን ግን እነሱ ይምሩ። እዚህ የምንጠይቀው ይህንኑ ነውና።

ለእኛ ለራሳችን የቀረው ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ድምፅ ያለው ሰው ካልተጠቀመበት ምን ይባላል? ከየካቲት 2024ቱ ምርጫ በኋላ፣ ከጥቅምት 2023 በጦርነቱ ምክንያት የተዛወረው ማለቴ ነው፣ ስንቶቹ ወጣቶች «መቼ ነበር?» ሲሉ ሰማሁ! አንዳንዱ ደግሞ ሄዶ ስሙን አጥቶ ተመለሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቤት ቀይሯል፤ አድራሻ አልቀየረም። የሚኖረው አሽቀሎን፣ መዝገቡ ላይ ያለው ቂርያት ጋት። እንዲህ ያለው ሰው የገዛ ከተማው የበጋ እንግዳ ሆነ ማለት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እየኖረ።

አድራሻ የተጻፈው በተኡዳት ዘሁቱ ላይ ሳይሆን አብሮ በሚሰጠው ወረቀት፣ በሴፋሑ ላይ ነው። ቤት የቀየረ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት። ቤት ውስጥ 17 ዓመት የሚሞላው ልጅ ካለ እሱም መራጭ ነው። በምርጫው ቀን ቢጫው ወረቀት ለከንቲባው፣ ነጩ ለምክር ቤቱ ዝርዝር ነው፤ ከንቲባ ለመሆን 40 በመቶ ያስፈልጋል፤ ያንን ያገኘ ካልተገኘ ሁለተኛ ዙር ይደረጋል። በሁለተኛውም ዙር መሄድ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚቀረው እዚያ ላይ ነው። ተኡዳት ዘሁታችሁን ለማንም አታውሱ፤ አታስይዙ። በቤት ሼሜሽ የ2013ቱ ምርጫ በማጭበርበር ምክንያት ተሰርዞ በመጋቢት 2014 እንደገና ተደርጓል፤ ከተገኙት ነገሮች አንዱ የሌላ ሰው መታወቂያ ነበር።

የዒርያው ምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው። ወንበር አለ፤ ገብቶ መስማት ይቻላል። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ከመካከላችን አራት ሰዎች ሄደው እንዲቀመጡ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና ዕብራይስጥ በደንብ የሚችሉ ሁለት ወጣቶች፣ ዛሬ እንምረጥ ብዬ አቀርባለሁ። የሚክላቶቹን ጉዳይ በጽሑፍ ይዘው ይሂዱ፤ ወረቀቱን በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጅተነዋል፣ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሴፋሑን ይዞ የመጣ ሰው ካለም እዚያው ጠረጴዛ ላይ አድራሻውን የሚያዩለት ልጆች ተቀምጠዋል። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ከእናቶች እንጀምር።